ሐኪሞች ወንጪ ላይ ሥዕል ሲማሩ
በምሩቃን ማኅበሩ ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው ሲደውልልኝ ስለ ሙያዬ አንድ ነገር እንድናገር ነበር ያሰበው። እኔ ግን ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ባወራ ግማሻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ አለባችሁ። ስለዚህ ስለ አራት ቀን እረፍት ላውራ አልኳቸው፤ እሺ አሉኝ። እናመሰግናለን።

ባለፈው ጥቅምት የአንድ ባች ልጆች ዘጠኝ ሆነን ወንጪ ሄድን። አብረውን አንድ የሥዕል መምህር ነበሩ። በርጩማ ይዘን ሜዳ ላይ ቁጭ ብለን የመልክዓ ምድር ሥዕል መሣል ተማርን። ከዘጠኛችን መካከል ከአናቶሚ ደብተር ወዲህ አጥንት እንኳን የሣለ የለም።

ሐሳቡ የመጣው ውጭ አገር ከምትኖር ጓደኛችን ነው። በመጣች ቁጥር ምሳ እንጋብዛታለን፤ ምግቡ ሳይቀርብ ሦስት ስልክ ይጮኻል፣ ቡናው ሳይፈላ ሁለቱ ዲዩቲ አለብን ብለው ይነሣሉ። ዘንድሮ “እኔ ምሳችሁን አልፈልግም፤ ስልካችሁን አጥፍታችሁ እጃችሁ ሌላ ሥራ የሚይዝበት ቦታ ውሰዱኝ” አለች። መምህሩን ያገኘችልንም እሷ ናት። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቁ፣ ብዙ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። እኛ “ጋሼ” እንላቸው ነበር።

ወንጪን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በአምቦና በወሊሶ መካከል ነው። የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ ጠርዙ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ውስጡ ሐይቅ ተኝቷል። በሐይቁ ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለባት ደሴት አለች። ዳገቱ ላይ እንሰትና ገብስ፣ ከዚያ በላይ ጽድና አስታ። ሲወርዱ በእግር ነው፣ ሲመለሱ ለጉልበቱ ያሰበ ሰው ፈረስ ይከራያል። እኛ ስምንቱ ተከራየን።

የመጀመሪያው ጧት ብሩሽ አልተሰጠንም። ጋሼ ለእያንዳንዳችን መካከሉ የተቆረጠ ካርቶን ሰጡን፤ ቀዳዳው የክብሪት ቀፎ ያህላል። “በዚህ ውስጥ ያለውን ብቻ ተመልከቱ፣ ሌላው አይመለከታችሁም” አሉ። ትንሽ ቆይተው “ምን ታያላችሁ?” ሲሉን እንደ ራውንድ ተሽቀዳደምን። ሐይቅ! ደሴት! ዛፍ! ተራራ!

“ይኼ ስማቸው ነው። ስማቸውንማ ቤታችሁ ሆናችሁም ታውቁታላችሁ። ያያችሁትን ንገሩኝ” አሉ።

ዝም አልን። ዘጠኝ ሐኪም፣ አብዛኞቻችን ስፔሻሊስት፣ ዝም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዷ “ከላይ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነገር አለ፤ ወደ እኛ ሲቀርብ እየጠቆረ፣ አረንጓዴ እየሆነ ይመጣል” አለች። “አሁን ጀመርሽ” አሏት። የሩቅ ተራራ ሰማያዊ የሚመስለው በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከሌላው ይልቅ ስለሚበትን ነው፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት ጽፎበታል። እኛ ግን “ተራራ” ካልን በኋላ ቀለሙን የሚያይ ዓይን አልቀረንም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዕቃው መጣ። ብዙም አይደለም፤ 300 ግራም የሚባለው ወፍራም ወረቀት፣ አንድ ትልቅ ብሩሽ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቡናማ የውኃ ቀለም፣ በሃይላንድ የተሞላ ውኃ። የውኃ ቀለም ማለት የደቀቀ ቀለም በግራር ሙጫ ተለውሶ ነው፤ ያው የእኛም ቆላ የሚያወጣው ሙጫ። ጋሼ እንዳስረዱን ሠዓሊዎች በብዛት ከቤት ወጥተው መሣል የቻሉት በዕቃ መሻሻል ነው። ድሮ የዘይት ቀለም በአሳማ ፊኛ ተቋጥሮ ነበር የሚቀመጠው። በ1841 እ.ኤ.አ. ጆን ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ተጨምቆ የሚወጣ የቆርቆሮ ቱቦ ፈለሰፈ፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙን ኪስ ከቶ ሜዳ መውረድ ቀለለ። የፈረንሳይ ኢምፕረሽኒስቶችን በዚህ መንገድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሁሉም የገረመኝን ነገር አየሁ። የፈረሱ ባለቤት ነጭ ጋቢ ለብሰው ጽዱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጋሼ “የጋቢው ቀለም ምንድን ነው?” አሉኝ። ነጭ ነዋ! በመርፌ የተበሳ ወረቀት ሰጡኝና “በዚህች ቀዳዳ እዪው” አሉኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰማያዊ ነው! ጥላ ውስጥ የሚገባው ብርሃን በአብዛኛው ከሰማይ የሚመጣው ስለሆነ ጋቢው ሰማዩን ይለብሳል። አንጎላችን ግን ጋቢ ነጭ መሆኑን ስለሚያውቅ እያረመ ነው የሚያሳየን።

ይህ እርማት ጥሩ ነገር ነው፤ ባይኖር ኖሮ ልብሳችንን በጧትና በማታ ባልለየነው። ግን መምህሮቼ፣ እናንተ ታስታውሱ ይሆናል፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ “የዓይን ቢጫነትን በአምፖል ብርሃን አትፈልጉ፣ በሽተኛውን ወደ መስኮቱ አቅርቡት” ብላችሁናል። ያኔ ጽፌ አጠናሁት፣ ፈተናም አለፍኩበት። ለምን እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ግን ወንጪ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን የጥላን ነገር ተማርን። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትሄዳለች፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚሣል ሰው አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ሰዓት ብዙም ባይበልጥ ይመረጣል። ክሎድ ሞኔ የሩዋንን ካቴድራል ከሠላሳ ጊዜ በላይ የሣለው ለዚሁ ነው፤ ብርሃኑ ሲለወጥ ሸራውን ይለውጥ ነበር። ከእኛ አንዱ፣ በግቢው “ፕሮፍ” የምንለው፣ ይህን ሰምቶ እንዳልሰማ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ወረቀት ላይ ሠራ። የፈረሱ ባለቤት መጥተው ከኋላው ቆሙ፤ ብዙ አዩት። ከዚያ በአክብሮት “ዶክተር፣ ይኼ ዛፍ የጧት ነው፣ ያኛው ዛፍ ከሰዓት ነው። ሰዎቹ መቼ ነው የሚሄዱት?” አሉት። ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። ግን አስቡት፤ ሰውዬው ብሩሽ ጨብጠው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥላ አይተው ሰዓት ሲያውቁ ስለኖሩ አንድ እይታ በቃቸው።

አሁን ትንሽ ከበድ ወዳለው ነገር ልግባ። ከመካከላችን አንዱ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው። ፈቅዶልኝ ነው የምናገረው። ጉዞውን እሺ ያለው ሙያውን ለመተው ወስኖ፣ ሊሰናበተን ነበር። ይህን የነገረን በሦስተኛው ማታ እሳት ዳር ነው። “ከተመረቅን ጀምሮ አላውቅም ብዬ አላውቅም” አለን። “በሽተኛው፣ ቤተሰቡ፣ ነርሷ፣ ሬዚደንቱ፣ ሁሉም መልስ ይጠብቁኛል። እዚህ ሦስት ቀን ሙሉ የማልችለውን ነገር ስሠራ ማንም አልሞተም።”

ማንም አልተናገረም። ለካ ሁላችንም ውስጥ ነበረች ያቺ ነገር። እኛ እኮ ተማሪ ሳለን እርስ በርሳችን አላውቅም እንባባል ነበር፤ ማደሪያው ውስጥ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ይኼን አስረዳኝ፣ ይኼን አስረጂኝ የማይል አልነበረም። ከተመረቅን በኋላ ያንን የምንልበት ቦታ ጠፋ። ወንጪ ላይ ሥዕሉ መለሰልን። የዘጠኛችንም ወረቀት መሬት ላይ ተዘርግቶ ጋሼ በየተራ ሲያርሙን፣ የማዕረግ ተመራቂዋም በሪኤግዛም ያለፈውም እኩል ጭቃ ነበር የሠራነው።

ጓደኛችን ሙያውን ይተው አይተው አልነግራችሁም፤ እሱም ገና አልነገረንም። እስከ ዛሬ ግን ሥራ ላይ ነው፣ በየወሩም አንድ ቅዳሜ ብሩሽ ይዞ እንጦጦ ይወጣል። ሁለታችን እንከተለዋለን።

እኔ ደግሞ ወደ ዋርድ ስመለስ አንድ ነገር ጀመርኩ። ራውንድ ላይ ካርዱ ከመነበቡ በፊት ከኢንተርኖቹ ጋር አልጋው እግርጌ እንቆማለን፤ በሽተኛውን አስፈቅደን አንድ ደቂቃ ዝም ብለን እናያለን። የበሽታ ስም መጥራት ክልክል ነው። መጀመሪያ ላይ ያፍራሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንድ ቀን አንዷ ኢንተርን “እናታችን ሲተነፍሱ ከንፈራቸውን እንደ ማፏጨት ያደርጋሉ፣ ሁለት እጃቸውንም ጉልበታቸው ላይ ተደግፈዋል” አለች። ያ ካርዱ ላይ አልነበረም። ጠየቅናቸው፤ ከልጅነት ጀምሮ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ በእንጨት እሳት እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። የሳንባውን ምርመራ የጀመርነው ከዚያ ነው። አዲስ ነገር አልፈጠርንም፤ ማየት፣ መዳሰስ፣ ማንኳኳት፣ ማዳመጥ ብላችሁ ያስተማራችሁን ነው። ሥራ ሲበዛ የምንዘላት የመጀመሪያዋን ነው።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የየል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቹን ሙዚየም ወስዶ ሥዕል እያዩ ያዩትን እንዲናገሩ አሠልጥኗል። ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ወጥቷል፤ የሠለጠኑት የበሽተኛ ፎቶግራፍ ሲሰጣቸው ካልሠለጠኑት በተሻለ ዘርዝረው መግለጽ ችለዋል። ሙዚየም ባይኖረን ሜዳ አለን። ካርቶንና መቀስም አናጣም።

ስለዚህ ሁለት ልመና አለኝ። የመጀመሪያው ለመምህሮቻችን ነው፤ ተማሪዎቹ ዋርድ ከመግባታቸው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ስጧቸው። ግቢያችን ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጡና ያዩትን፣ ስሙን ሳይጠሩ፣ ይግለጹ። ቢቻል ይሣሉም። ነጥብ ግን እንዳትሰጡበት አደራ!

ሁለተኛው ለማኅበራችን ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ጉዞ የየዓመቱ ይሁን፤ ለሐኪሞች ብቻ ሳይሆን ለመሐንዲሱም፣ ለሕግ ባለሙያውም፣ ጡረታ ለወጡት መምህሮቻችንም። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ ወረቀት፣ የመምህሩ ክፍያ ነው። ከባዱ ስልክ ማጥፋቱ ብቻ ነው።

የዘጠኛችን ሥዕሎች ከአዳራሹ መግቢያ አጠገብ ተሰቅለዋል። ስማችንን ሆን ብለን አልጻፍንባቸውም። ስትወጡ እዩዋቸው፤ የጧትና የከሰዓት ዛፍ አብረው የቆሙበት የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እንዳትነግሩት።

ለከርሞ በጤና ያገናኘን።