መድኃኒትን ስለ ማስቆም



በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት በተካሄደ ጥናት፣ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ። ለዚህ ሕመም በአገራችን ዘወትር የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ለብዙዎች ዕረፍት ሰጥቷል። ዳሩ ግን በሽተኛው ሲሻለው ወይም እንክብሉ ሲያልቅበት በድንገት ያቋርጣል። ሰውነቱ መድኃኒቱን ለምዷልና እንቅልፍ ይነሣዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሕመሙም ደጋግሞ ይጥለዋል፤ ለሞትም ሊያደርሰው ይችላል። ቤተሰቡ ግን «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ጥፋቱ የበሽተኛው አይደለም፤ ያላስረዳነው እኛ ነን። ስለዚህ መድኃኒቱን በምንሰጥበት ቀን አቋረጡንም እንንገረው፦ በሐኪም ትእዛዝ፣ በወራት ውስጥ፣ መጠኑን ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ ነው። እንክብሉ ሳያልቅም እንዲመለስ አደራ እንበለው።