የውሻ መዥገርና መከላከያው

(ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ሰፈር ሰዎች በእድር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ተባይ ነው። ሲራብ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ደም ሲጠግብ ግን እንደ ሽምብራ ያብጣል። መዥገር ነው። «ለውሻ መዥገር ደግሞ ንግግር ያስፈልጋል እንዴ?» የሚል ይኖር ይሆናል። በመጀመሪያ የደረሰብንን ላጫውታችሁ፤ ከዚያ እናንተ ትፈርዳላችሁ።

ልጅ ሆኜ ካዛንቺስ ስንኖር በአንድ ግቢ ሰባት አባወራ ነበርን። በራችን አንድ፣ የውሃ ቧንቧችን አንድ፣ ውሻችንም አንድ። ስሙ ቡቺ ነው። የማንም አልነበረም፤ የሁላችንም ነበር። ከአንዱ ቤት ፍርፋሪ ይበላል፣ ከሌላው ደጃፍ ይተኛል፣ ሌሊት ለሁላችንም ይጮሃል። አንድ በጋ ጆሮው በመዥገር ተሞላ። እናቴ ጨርቅ በላምባ ነክራ ቀባችው። ቆዳው ተላጠ፤ መዥገሩ ግን አልረገፈም። ከዚያም አንድ ጎረቤታችን ለከብት የሚረጭ መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ ቀንሶ አመጣ። ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ የለም፤ መለኪያም የለም። «በርከት ይበል እንጂ!» ተባለና በግምት ተበጥብጦ ቡቺ ታጠበበት። ብዙም ሳይቆይ ለሃጩ ይዝረከረክ፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳይመሽ ሞተ።

ጠርሙሱስ? መስኮት ላይ ቀረ። በማግስቱ ታናሽ እህቴ ለስላሳ መስሏት ክዳኑን ስትከፍት እናቴ ደርሳ ከእጇ ነጠቀቻት። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ደግሞ መዥገሮች በግድግዳችን ላይ ሲወጡ አየን። ውሻው ሞተ፤ መዥገሩ ኖረ። ይህ ለምን ሆነ?

መዥገሩ የት ነው ያለው?

በቤትና በግቢ ውስጥ የሚራባው ቡናማው የውሻ መዥገር ነው። ከእንቁላል ሲፈለፈል 6 እግር አለው፤ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም። ውሻው ላይ ወጥቶ ደም ይጠጣና ይወድቃል። ቆዳውን ቀይሮ 8 እግር ያወጣል። እንደገና ይወጣል፣ ይጠጣል፣ ይወድቃል። ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። በመጨረሻ ሴቷ ጠግባ ትወድቅና ስንጥቅ ውስጥ ገብታ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ጥላ ትሞታለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። መዥገር በየጊዜው ውሻው ላይ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። የቀረውን ዕድሜውን በግድግዳ ስንጥቅ፣ በወለል፣ በኮርኒስ፣ ውሻው በሚተኛበት ጆንያ ውስጥ ያሳልፋል። ደም ሳያገኝም ለወራት ሊቆይ ይችላል። እኛ ቡቺን ስናጥብ አብዛኛው መዥገር ግድግዳው ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። የድንጋይ ቤትም ይሁን የጭቃ፣ ለመዥገር ስንጥቅ ሁሉ ስንጥቅ ነው። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። የውሻውን አሮጌ ጆንያ አብሮ የጫነ ሰው መዥገሩንም ጭኖት ሊሆን ይችላል።

ከዚህም ሌላ መዥገር ደም መጥጦ ብቻ አይተውም፤ በሽታ ያስተላልፋል። ውሻው ትኩሳት ካለው፣ ምግብ ከተወ፣ ድዱ ከነጣ፣ አፍንጫው ከደማ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። ሰውንም ነክሶ ትኩሳት የሚያመጣ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል።

ቅጠል ይሻላል ወይስ የፋብሪካ መድኃኒት?

አንዳንዱ «የተፈጥሮ ነገር አይጎዳም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቅጠል ምን ያደርጋል!» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ትንባሆ የተፈጥሮ ነው። ነገር ግን በትንባሆ ውሃ የታጠበ ውሻ መርዙ በቆዳው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ነጭ ሽንኩርትም ለኛ ምግብ ነው፤ የውሻን ደም ግን ይጎዳል። በሌላ በኩል በደቡብ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ለመዥገር የሚጠቀሙበት ዲግጣ የሚባል ተክል አለ። ተመራማሪዎች ሲፈትኑት የቅጠሉ ወፍራም ጭማቂ የነካውን መዥገር ገደለ ወይም አደከመ። መዥገርን የማራቅ ኃይል ግን አልተገኘበትም። ቅጠል ይሠራል፤ ግን ምን ያህል፣ እንዴት የሚለው መታወቅ አለበት።

እንዶድን አስታውሱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከዚያ በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ናቸው። ዶክተር አክሊሉ አይተው ብቻ አልተቀመጡም፤ መጠኑን ለክተው ለዓመታት መረመሩት። እኛ ስንቶቻችን ነን ቅጠል ለክተን የምንዘፈዝፈው?

የፋብሪካውም መድኃኒት ቢሆን ከተፈጥሮ የራቀ አይደለም። ፓይሬትረም ከሚባል አበባ ተባይ የሚገድል ዱቄት ይገኛል። የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ያንን አስመስለው በ1973 ፐርሜትሪን የተባለውን መድኃኒት ሠሩ። ይህ ለውሻ በተወሰነ መጠን ይሆናል፤ ድመትን ግን ይገድላል። ለከብት የሚረጩት እንደ ዲያዚኖን ያሉት በልክ ካልተበጠበጡ ውሻንም ሰውንም ይመርዛሉ። ዛሬ እስከ 12 ሳምንት የሚከላከል የሚዋጥ ኪኒን፣ እስከ 8 ወር የሚያገለግል የአንገት ማሰሪያም ተሠርቷል። ዋጋቸው ግን ለብዙ ሰው ይከብዳል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ በቀስታ ሳቡት። ክብሪት አታስጠጉት፣ ላምባና ቅቤ አትቀቡት፣ በጥፍር አታፍርጡት። አልኮል ውስጥ ጣሉት። ቁስሉንና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሁለተኛ፦ የውሻውን ምንጣፍ በፈላ ውሃ ዘፍዝፉ፤ አሮጌ ከሆነ አቃጥሉት። የግድግዳውን ስንጥቅ ምረጉት። ጥጋጥጉን ጥረጉ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፦ መድኃኒት ስትገዙ የውሻውን ክብደትና ዕድሜ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። በጽሑፉ መሠረት ለኩ። እንቁላሉ በኋላ ስለሚፈለፈል ሐኪሙ ባዘዘው ቀን ድገሙት። መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ ከቶ አታስቀምጡ!

አራተኛ፦ የአንድ ግቢ ውሾች ሁሉ በአንድ ሳምንት ይታከሙ። የኔ ውሻ ታክሞ የጎረቤቴ ከቀረ ምን ዋጋ አለው?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ለአንድ ቤት የከበደው የሐኪም ሂሳብ ለሰባት ቤት ሲካፈል ይቀላል። ያኔ ሰባታችን በቡቺ ጩኸት ተማምነን እንተኛ ነበር፤ ለሕክምናው ግን ሰባታችን አላዋጣንም። በግምት የተበጠበጠው መድኃኒት ርካሽ መስሎን ነበር። አልነበረም።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቡቺ ከሞተ በኋላ መዥገሮቹ ከየት መጡ?
2. መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ ለምን ያስፈራል?
3. በግቢያችሁ ስንት ውሻ አለ? ለሕክምናቸው ማን ያዋጣል?