ስለ አሰብ ወደብ አስተዳደር፤ ለሙጃ ተማሪዎች የተነገረ

ልጆቼ ሆይ፤ እኛ የላስታ ደገኞች ከባሕር ርቀን የምንኖር ነን። ነገር ግን ለማሳችን የሚሆነው ማዳበሪያና መኪናው የሚሄድበት ነዳጅ ከባሕር ማዶ ይመጣልና፥ የወደብን ነገር ማወቅ ይገባናል።

አሰብን በ1862 ዓ.ም. ሩባቲኖ የተባለ የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ ከአገሩ ባላባቶች ገዛ፤ በ1874 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ተረከበው። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን በተባበረች ጊዜ፥ ወደቡ በኢትዮጵያ መንግሥት አስተዳደር ሥር ሆነ። ከዚያም በኋላ የመርከብ መቆሚያው ሰፋ፤ በ1959 ዓ.ም. የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተ፤ ጭነቱም በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በ1980 ዓ.ም. አውራጃው ከኤርትራ ተለይቶ የአሰብ ራስ ገዝ ተባለ።

ግንቡ ሲሰፋ፥ ወሰኑም በዐዋጅ ሲለወጥ፥ በሕዝቡ መካከል ግን ሰላም አልነበረም። ራስ ገዙ አራት ዓመት ሳይሞላው በ1983 ዓ.ም. ያቆመው መንግሥት ወደቀ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ሆነች። በ1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ፤ የኢትዮጵያም ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ።

እስቲ የሙጃን ገበያ አስቡ። ሜዳው ቢሰፋ፥ ዳኛም ቢሾምበት፥ የጎረቤት አገር ሰው በሰላም ካልመጣበት ባዶ ሜዳ ነው። ወደብም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ነገ ሹማምንት የምትሆኑ ልጆች፥ ግንብ ከማሠራታችሁና ወሰን ከመለካታችሁ አስቀድማችሁ ከጎረቤት ጋራ መስማማትን ተማሩ።