ስለ ቢላዋ እጀታ አሠራርና ስለ አረብ ብረት መጠየም

ልጆች ሆይ፤ በአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ንፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፍ ቴሌግራፍ ማለት ነው፤ ላፍቶ ግን በኦሮምኛ የግራር ዛፍ ስም ነው። አንደኛው ስም ከብረት ጥበብ፥ ሁለተኛው ከእንጨት የመጣ ስለ ሆነ፥ ብረትንና እንጨትን ስለሚያጋጥም ሥራ ለመናገር ስፍራው የተስማማ ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ በለቡ፥ በጀሞና በመካኒሳ ብዙ ሉካንዳ ቤቶች አሉ። በሉካንዳ የሚሠራ ሰው ከጧት እስከ ማታ ቢላዋ ከእጁ አይለይም። በነዚህ ቤቶችም ሆነ በየቤቱ ማድቤት ሁለት ዐይነት ቢላዋ ይታያል። አንደኛው ከባሕር ማዶ የመጣ፥ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ነው። ሁለተኛው ቀጥቃጭ ከባሌስትራ፥ ማለት ተደራርቦ የመኪናን ክብደት ከሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት፥ ቀጥቅጦ ያወጣው ጠይም ቢላዋ ነው። ብዙ ሰዎች የፊተኛውን ንጹሕ፥ የኋለኛውን ቆሻሻ አድርገው ይቈጥሩታል፤ ስለዚህም ጠይሙን በአመድና በሽቦ ሲፈገፍጉት ይውላሉ፥ ወይም ሰልችቷቸው ይጥሉታል። ይህ አሳብ የሚያከስር ስሕተት ነው።

የሚያብለጨልጨው ብረት የማይዝግበት ምክንያት ይታወቃል። በ1913 እ.ኤ.አ. ሃሪ ብሪርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በሼፊልድ ከተማ ሲመራመር ክሮሚየም የተባለውን ማዕድን ከብረት ጋር በብዛት አቀላቅሎ የማይዝግ ብረት ሠራ። ክሮሚየሙ ከመቶው ዐሥር ተኩል ያህልና ከዚያም በላይ ሲሆን፥ በዐይን የማይታይ ስስ ልባስ ሆኖ ብረቱን ይሸፍነዋል። የባሌስትራ ብረት ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም፤ ያለው ከመቶው ግማሽ እጅ ከፍ የሚል ካርቦን ነው። በዚህ ካርቦን ምክንያት ግሎ በዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ በተራ ድንጋይም ፈጥኖ ይሳላል። ርካሹ የሚያብለጨልጭ ቢላዋ ሲደነዝዝ ባለቤቱን ሲያታግለው፥ ጠይሙ ጥቂት ጊዜ ድንጋይ ላይ ቢመላለስ ስለቱ ይመለስለታል። ጕድለቱ አንድ ነው፤ ይዝጋል።

ታዲያ የዝገትና የመጠየም ልዩነት መታወቅ አለበት። ዝገት ብረት ከውኃና ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ቀይ ትቢያ ነው። ይህ ትቢያ ያብጣል፥ ይሰነጠቃል፥ ውኃም ይይዛል፤ ስለዚህ ሥር ሥሩን እየበላ ይሄዳል። መጠየም ግን ሌላ ነው። ብረቱ ሽንኩርት፥ ሎሚና ሥጋ ሲቈርጥ ከመጣጣነታቸውና ከጭማቂያቸው የተነሣ ላዩ መጀመሪያ ሰማያዊ፥ ቀጥሎ ሐምራዊ፥ በመጨረሻም ግራጫና ጥቍር ይሆናል። ይህ ልባስ ስስና የተጣበቀ ስለ ሆነ ዝገትን ያዘገያል፤ ፈጽሞ ግን አይከለክለውም። እናቶች አዲስ ምጣድ ሳያሟሹ እንጀራ እንደማይጋግሩ ሁሉ አዲስ ቢላዋም መሟሸት አለበት። ጠይሙን ዕለት ዕለት የሚፈገፍግ ሰው የተሟሸውን ምጣድ መልሶ እንደሚፍቅ ሰው ነው፤ ብረቱን ለዝገት ራቁቱን ይሰጠዋል።

ሁለቱን ለመለየት የረጠበ ነጭ ጨርቅ ይበቃል። ጨርቁ ቀይ ሆኖ ከወጣ ዝገት ነውና ይጠረግ፤ ነጭ እንደ ሆነ ከወጣ ጥቍረቱ ንጹሕ ነውና ይተው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የተቈረጠው ሽንኩርት ይጠቍራል፥ የብረት ሽታም ይሸታል፤ ልባሱ ሲጠና ይህ ይቀራል። ችኵል የሆነ ሰው ስለቱን በሳሙና አጥቦ በሞቀ አቼቶ ለጥቂት ደቂቃ ይነክረዋል፤ ከዚያም አጥቦ፥ አድርቆ፥ ዘይት ይቀባዋል። ብዙ የቈየ እንደ ሆነ ግን አቼቶው ስለቱን ይበላዋል። ቀስ ብሎ በሥራ የመጣው ጥይምና ይሻላል፤ ዝንጕርጕር ቢሆንም ነውር የለበትም።

እንዲህ ያለውን ብረት የሚያወጣው ባለ እጅ በዱሮ ዘመን ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ ወዲያው አልጠፋም። በሰዳቢዎቹ ቤት እንኳ ማረሻውም ማጭዱም ቢላዋውም የዚያው የተሰደበው ሰው ሥራ ነበር።

አሁን ወደ እጀታው እንመለስ ቢባል፥ ነገሩ የሚጀምረው ከብረቱ ሳይሆን ከሰውዬው እጅ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው እጀታ ለማንም እጅ ስለሚሠራ ለማንም እጅ በደንብ አይስማማም። ቀጭን እጀታ በትልቅ እጅ ውስጥ ይዞራል፤ የሰባ ሥጋ ሲቈረጥ ደግሞ እጅ ወደ ስለቱ ያንሸራትታል፤ ጣት የሚቈረጠው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ስለዚህ ባለ ቢላዋው በመጀመሪያ እጁን ይለካል። የአራት ጣቶቹ ወርድ ላይ አንድ ጣት ቢጨመር የእጀታው ርዝመት ይሆናል። ውፍረቱ ሲጨበጥ የጣቶቹ ጫፍ መዳፉን ለመንካት ጥቂት የሚቀራቸው ያህል ይሁን። ቅርጹም እንደ ዱላ ድቡልቡል ሳይሆን እንደ ዕንቍላል ሞላላ ይሁን፤ ሞላላ የሆነ እንደ ሆነ ስለቱ ወዴት እንደ ዞረ ዐይን ሳያይ እጅ ያውቃል። ጫፉ ጥቂት ወፈር ቢል ከእጅ አያመልጥም።

ለእንጨቱ ወይራ የታወቀ ነው፤ ከባድና ጠንካራ፥ በቀላሉም የማይሰነጠቅ ነው። ነገር ግን ርጥብ ወይራ አይሠራበትም፤ በጥላ ውስጥ ብዙ ወራት መድረቅ አለበት። ርጥቡን የሠራ ሰው እንጨቱ ሲደርቅ ይሸሽበትና በብረቱና በእንጨቱ መካከል ክፍተት ይተርፈዋል፤ ደምና ውኃም እዚያ ገብቶ ይሸታል። ቀንድ የሚወድ ሰው የበሬ ቀንድ በፈላ ውኃ ቀቅሎ፥ ሲለሰልስ በሁለት ሳንቃ መካከል ጨምቆ እስኪቀዘቅዝ ይተወዋል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። የቀድሞ ጦረኞች የጎራዴና የሾተል እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ያሠሩ ነበር፤ አውራሪስ ግን እየጠፋ ስለ ሄደ የቀንዱ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። የበሬው አያሳፍርም።

ብረቱ ወደ እጀታው የሚገባበት ጭራ ቀጭን ከሆነ፥ እንጨቱ በመጀመሪያ በጠባቡ ይበሳል፤ ከዚያም ጭራው ብቻ ግሎ እየተገፋ ቀዳዳውን አቃጥሎ ይገባል። ቀንድ ሲሆን እንደ ተቃጠለ ጠጕር ይሸታል፤ ቀንድና ጠጕር ጥፍርም ከአንድ ዐይነት ነገር የተሠሩ ናቸውና። በዚህ ጊዜ ስለቱ በረጠበ ጨርቅ ካልተጠቀለለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ብረት ወደ ሦስት መቶ ዲግሪ ሲደርስ ሰማያዊ መልክ ያወጣል፤ ያ መልክ በስለቱ ላይ የታየ እንደ ሆነ ጥንካሬው ወርዷል፥ ሞረድም ድንጋይም አይመልሰውም። ጭራው ሰፊ ሲሆን ግን ሁለት ገጽ እንጨት ግራና ቀኝ ይደረግና በናስ ወይም በመዳብ ችንካር ይጠበቃል። የግራር ሙጫ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ በውኃ ይሟሟልና የሚታጠብ ቢላዋ አይይዝም። እንጨትና ቀንድ በሚሞረድበት ጊዜ አፍና አፍንጫ በጨርቅ ይሸፈን፤ ብናኙ ሳንባ ይጐዳል።

ያለቀውን የእንጨት እጀታ የተልባ ዘይት በስሱ እየቀቡ ቀን በቀን ማድረቅ ነው። ልጆች ሆይ፤ ይህን በተለይ ልብ በሉ፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ቢጣል ራሱ ሙቀት ፈጥሮ ሊነድ ይችላል። ጨርቁ በደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ፥ ወይም በውኃ ተነክሮ ይወገድ።

ቢላዋ ይበልጥ የሚበላሸው ሲሠራበት ሳይሆን ሥራ ሲፈታ ነው። በዐቢይ ጾም ብዙ ሉካንዳ ቤቶች ለኀምሳ አምስት ቀን ይዘጋሉ፤ ታጥቦ ሳይደርቅ የተቀመጠ ቢላዋም ለፋሲካ ሲወጣ ቀልቶ ይገኛል። ስለዚህ በቅበላ ማታ ስለቱ በሳሙና ይታጠባል፥ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፥ ትንሽ ሞቅ ተደርጎ ሰም ይቀባል። የኑግ ዘይት ለዚህን ያህል ጊዜ አይመረጥም፤ ሲቈይ ይጣበቃል። በቈዳ ሰገባ ውስጥም መተው አይገባም፤ ቈዳ ርጥበት ይይዛልና። በወረቀት ተጠቅሎ ከጢስና ከውኃ ርቆ በደረቅ ስፍራ ይሰቀላል፤ በትንሣኤ ዋዜማም ሰሙ በሙቅ ውኃ ይታጠብና ስለቱ በድንጋይ ጥቂት ይመላለሳል።