የመጀመሪያው ዓመት ፍርድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



 የንግግራችንን ጉዳይ ስትሰሙ ምናልባት አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። ስለ አንድ የቴሌቪዥን ትርኢት፥ ያውም ስለ ጠፈር መርከብና ጆሮው ስለ ሾለ ሰው ልንናገር ነውና። ዳሩ ግን ዋናው ነገራችን ስለ ተመልካቾቹ ነው። አንድ አዲስ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብላቸው ሰዎች ምን አሉ? ያሉትስ ምን ፍሬ አፈራ? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያስገደደን በእኛው መካከል የሆነ አንድ ነገር ነው፤ እርሱንም በመጨረሻ እንናዘዛለን።

ትርኢቱ ስታር ትሬክ ይባላል፤ ወደ ከዋክብት የሚደረግ ጕዞ እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ አገር በኤን.ቢ.ሲ. ጣቢያ መታየት የጀመረው በሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ነው። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አያቶቻችን ዘመኑን እንዲያስታውሱት፥ በአገራችን ቴሌቪዥን ከተጀመረ ያን ጊዜ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። የትርኢቱ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ የተባለ ደራሲ ሲሆን፥ ሥራው የተዘጋጀው ሉሲል ቦል የተባለችው ዝነኛ ተዋናይት ባለቤት በነበረችበት በደሲሉ የፊልም ድርጅት ነው። ታሪኩም ኤንተርፕራይዝ የተባለች መርከብ የማይታወቁ ዓለማትን እየዞረች ስትመረምር የሚገጥማትን ይተርካል።

ትርኢቱ ወደ ተመልካች ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ ወድቆ ነበር። ለናሙና የተሠራውን የመጀመሪያውን ፊልም የጣቢያው ሹማምንት በ1965 አይተው አልተቀበሉትም፤ ለተመልካች አእምሮ ይከብዳል ብለው እንደ ነበረ ይነገራል። ሆኖም ከተለመደው ውጭ ሁለተኛ ናሙና እንዲሠራ ፈቀዱ፤ ሁለተኛውም ተቀባይነት አገኘ። የወደቀውን የመጀመሪያውን ፊልም እባካችሁ አትርሱት፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው ዓመት 29 ክፍሎች ነበሩት። ባለፈው ዓመት በሳይንስ ክበባችን እነዚህን ክፍሎች ተራ በተራ አየናቸው። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ቀን ከትረካው ይልቅ ሣቃችን በዝቶ ነበር። ድንጋዩ ሲወድቅ ቀላል መሆኑ ያስታውቃል፤ አውሬው ልብስ የለበሰ ሰው ነው። እኛ ከብዙ ዓመት በኋላ ያልነውን ግን በዚያው ዘመን የነበሩ ሰዎችም ብለውት ነበር። ቫራይቲ የተባለው የትርኢት ጋዜጣ ሥራው አይሳካም ብሎ ፈረደ። በመጀመሪያው ምሽት ብዙ ሰው ቢመለከተውም ቍጥሩ ከዚያ በኋላ ዝቅ አለ። የታወቀው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ አይዛክ አሲሞቭም በ1966 መጨረሻ ቲቪ ጋይድ በተባለው መጽሔት ላይ በእንዲህ ያሉ ትርኢቶች ውስጥ ባያቸው የሳይንስ ስሕተቶች አፌዘ፤ ስታር ትሬክንም ሳይነካ አላለፈም።

የአሲሞቭ ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ሮደንቤሪ ደብዳቤ ጻፈለት፤ አሲሞቭም መለሰለት፤ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ። በ1967 አሲሞቭ በዚያው መጽሔት ስለዚሁ ትርኢት ሁለተኛ ጽሑፍ አወጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ብዕሩ የወዳጅ ብዕር ነበረ። እኛ ከዚህ የተማርነው ነቀፌታ ክፉ ነው የሚል አይደለም። የሳይንስ ስሕተት ስሕተት ነው፤ መታረምም አለበት። ነገር ግን ነቅፎ ዞር የሚል ሰው አለ፤ ነቅፎም ተመልሶ የሚያይ አለ። አሲሞቭ ተመልሶ ያየ ሰው ነው።

አሁን ወደ ጆሮው ነገር እንምጣ። በመርከቢቱ ላይ ሚስተር ስፖክ የሚባል ሹም አለ፤ አባቱ ቮልካን ከተባለ ሌላ ዓለም ነው፤ እናቱ ግን የምድር ሰው ናት። ጆሮው የሾለ፥ ቅንድቡ ወደ ላይ የተሳበ ነው። የጣቢያው ሰዎች ይህ መልክ ሰይጣን ይመስላል፤ ሃይማኖተኞችን ያስቀይማል ብለው ፈሩ። ከፍርሃታቸውም የተነሣ ለማስታወቂያ ባሳተሙት ወረቀት ላይ የጆሮውን ሹልነትና የቅንድቡን ቅርጽ በቀለም አጠፉት። ይህን ስናነብ ነቢዩ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ያደረገው ነገር ትዝ አለን፤ እርሱም በቁመትና በመልክ ሊመርጥ ተነሥቶ ነበር። ተመልካቾቹ ግን ሹማምንቱ የፈሩትን ሰው ከሁሉ አብልጠው ወደዱት። ስፖክን ለሚጫወተው ለሊዮናርድ ኒሞይ የሚላከው ደብዳቤ እጅግ በዛ፤ በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ሥራውም ኤሚ ለተባለው ሽልማት ታጨ።

ከደብዳቤዎቹ ሁሉ አንዱ እኛን በጣም ነክቶናል። በ1968 አንድ የወጣቶች መጽሔት ያወጣው ነው። የጻፈችው በእኛ ዕድሜ ያለች ልጅ ነበረች፤ የጻፈችውም ለተዋናዩ ሳይሆን ለስፖክ ለራሱ ነው። እናቷ ጥቁር፥ አባቷ ነጭ መሆናቸውን፥ ከዚህም የተነሣ ከሁለቱም ወገን ተገፍታ ብቻዋን መቅረቷን ገለጠችለት፤ እርሱም ከሁለት ዘር የተወለደ ስለ ሆነ ምክር ጠየቀችው። ኒሞይ ረጅም መልስ ጻፈላት። ስፖክም በልጅነቱ እንደ እርሷ ከሁለቱም ወገን እንደ ተገፋ፥ በኋላ ግን በሰዎች ዘንድ ለመወደድ ከመሮጥ ይልቅ ለራሱ እውነተኛ ሆኖ መኖርን እንደ መረጠ ነገራት። እነዚያ የማስታወቂያ ሰዎች ጆሮውን እስከ መጨረሻው አጥፍተውት ቢሆን ኖሮ ይህች ልጅ ለማን ትጽፍ ነበር? ይህን ጥያቄ በክበባችን አንሥተን፥ ለጥቂት ጊዜ መልስ የሰጠ አልነበረም።

በመርከቢቱ ላይ የመገናኛ ሹም የሆነችው ኡሁራ ናት፤ ስሟም በስዋሂሊ ቋንቋ ነጻነት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የተጫወተቻት ኒሼል ኒኮልስ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ትታ ወደ መድረክ ቲያትር ልትመለስ ቆርጣ እንደ ነበረ ራሷ ደጋግማ ተርካለች። በዚያው ሰሞን በአንድ ስብሰባ ላይ ትርኢቱን የሚወድ አንድ ተመልካች ሊያገኛት እንደሚፈልግ ተነገራት፤ ዞር ብትል ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበሩ። ልትለቅ መሆኗን ስትነግራቸው አይሆንም አሏት። በዚያ ወንበር ላይ መቀመጧ ለሚያዩአት ሁሉ ምን ማለት እንደ ሆነ አስረዷት፤ እርሷም ቀረች።

በክበባችን አንዲት እኅታችን በዚህ ነገር ላይ ተቃውሞ አቅርባ ነበር። «ኡሁራ በብዙዎቹ ክፍሎች መልእክት ከመቀበል በቀር ምን ትሠራለች?» አለች። ተቃውሞዋ እውነት ነው። ኒኮልስም ልትለቅ ያሰበችው የተሰጣት ክፍል አንሶባት እንደ ነበር ተናግራለች። ቢሆንም ያቺ ትንሽ ክፍል የት እንደ ደረሰች ተመልከቱ። በቺካጎ ያደገች ሜይ ጄሚሰን የተባለች ልጅ ኡሁራን በቴሌቪዥን ታያት ነበር። ይህች ልጅ ሐኪም ሆነች፤ በ1992 ደግሞ ወደ ጠፈር በመውጣት ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ሆነች። ኡሁራ ምሳሌ እንደ ሆነችላትም ራሷ መስክራለች።

ስለ ደብዳቤ ኃይል ጥቂት እንጨምር። ገና በዲሴምበር 1966 ትርኢቱ ሊቋረጥ ይችላል ተብሎ በተፈራ ጊዜ ደራሲው ሃርላን ኤሊሰን፥ ከሌሎች የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ጋር በመሆን፥ አንባቢዎች ወደ ጣቢያው እንዲጽፉ ጥሪ አደረገ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ቢጆ ትሪምብልና ባለቤቷ ጆን ከቤታቸው ሆነው ታላቅ የደብዳቤ ዘመቻ መሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ ከ100,000 በላይ ደብዳቤ ለጣቢያው ደረሰ። በጃንዋሪ 1968 የካሊፎርንያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች በጣቢያው ደጅ ሰላማዊ ሰልፍ አደረጉ። በማርች 1 ቀን 1968 ጣቢያው ትርኢቱ እንደሚቀጥል በአየር ላይ አስታወቀ።

ሆኖም እውነቱን ሁሉ ልንነግራችሁ ይገባል። ደብዳቤ ሁሉን አያሸንፍም። ሦስተኛው ዓመት ወጣቶች ከቤት በሚወጡበት በዓርብ ሌሊት ተመደበ፤ በ1969ም ትርኢቱ በ79 ክፍሎች አበቃ። የቀረው ሥራ የተፈጸመው በድጋሚ ሲታይ ነው። ሕፃናት ከትምህርት ቤት ተመልሰው በሚያዩበት ሰዓት በየከተማው ጣቢያ ይታይ ጀመር፤ የወዳጆቹም ቍጥር ከመጀመሪያው በለጠ።

አትርሱት ያልናችሁን የወደቀ ፊልም አሁን እናንሣ። በመጀመሪያው ዓመት መካከል ጊዜና ገንዘብ ስላጠራቸው አዘጋጆቹ ያንን ፊልም ከተጣለበት አንሥተው ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ ውስጥ አስገቡት። ያም ታሪክ በ1967 ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ተቀበለ። በ1965 ይከብዳል ተብሎ የተጣለው በ1967 ተሸለመ። የተለወጠው ፊልሙ አልነበረም፤ የሚያየው ዓይን ነበረ እንጂ።

አሁን ኑዛዜያችንን እንናገር። ዘጠነኛ ክፍል በገባንበት ዓመት ከመካከላችን ሁለት ልጆች የግድግዳ ጋዜጣ ጀመሩ። በእጃቸው ጽፈው፥ ሥዕሉን ራሳቸው ሥለው፥ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ይለጥፉት ነበር። የመጀመሪያው እትም ፊደል የተሳሳተበት፥ መስመሩ የተጣመመ ነበር። እኛም ከበነው ሣቅን፤ ስሕተቱን በእርሳስ እያከበብን ተቀባበልነው። በሁለተኛው እትም ጥግ ላይ ሐሳብ መጣያ የካርቶን ሣጥን አንጠለጠሉ። ሣጥኑ ባዶ ሰነበተ። ከሦስተኛው እትም በኋላ ጋዜጣው አልታየም። ከሁለቱ አንዱ በማግሥቱ ዓመት ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄደ።

ከእኛ ብዙዎቹ ያንን ጋዜጣ በጕጕት እንጠብቀው ነበር። በሣምንቱ መጨረሻ እርስ በርሳችን «ወጣ ወይ?» እንባባል ነበር። ነገር ግን ይህን ለእነርሱ የነገራቸው አንድም ሰው አልተገኘም። ሣቃችንን ሰሙ፤ ጕጕታችንን አልሰሙም። በጽሕፈት የተገለጠ አንድ መልካም ቃል እንኳ ብንጥልላቸው ኖሮ ጋዜጣው እስከ ዛሬ ይኖር ነበር ብለን አንምልም። ነገር ግን ዝም ማለታችንም ፍርድ እንደ ነበረ አሁን ገብቶናል። ሁለተኛው ወንድማችን ዛሬ ከእኛው ጋር ይመረቃል፤ ይህን ንግግር ከማንበባችን በፊት ይቅርታ ጠይቀነዋል። እርሱም ሣቀና፥ «ፊደሉ እኮ በእውነት የተሳሳተ ነበር» አለን።

ውድ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ በዚህ ዓመት የግድግዳ ጋዜጣውን እንደ ገና ለመጀመር ያሰባችሁ ዘጠነኛ ክፍሎች መኖራችሁን ሰምተናል። እኛ ልንሄድ ነው። የምንተውላችሁ ስጦታ ትንሽ ነው፤ ከእንጨት የተሠራ ሣጥን ነው፤ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተሰቅሏል። ዛሬ ጧት እያንዳንዳችን ገና ላልወጣው እትማችሁ አንዳንድ ደብዳቤ ጽፈን በውስጡ ጥለናል። ስሕተት ስናገኝ በግልጥ ንገሩን ብትሉ እንነግራችኋለን፤ ነገር ግን ተመልሰን ደግሞ እናነባለን።

ወላጆቻችንና መምህሮቻችን፤ የእኛም የመጀመሪያ ዓመት ፊደሉ የተሳሳተ፥ መስመሩ የተጣመመ ነበር። በዚያ ዓመት ስላልጣላችሁን እናመሰግናችኋለን። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።