የሚከራይ ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ ወላጆች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት ርእስ የሚከራይ ቤት ነው። «ተማሪ ስለ ቤት ግዢ ምን ያውቃል?» የሚል ቢኖር፣ ከሩቅ ቀበሌ ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ በዱቦ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ ስለ ቤት ጥቂት ሳያውቅ አይቀርም ብዬ እመልሳለሁ። ከዚህም በላይ እኔን ያስተማረኝ የአባቴ ጉዳት ነው።

ሶዶ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተላት፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቤት ፈላጊው በዝቷል። አባቴም ይህን አይቶ፣ ዕቁብ ሲደርሰው ሁለት በሬ ሸጦ ጨመረበትና በከተማው ዳር ሦስት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ገዛ። የገዛው ግን በመንደር ውል ብቻ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የሻጩ ወንድሞች «የአባታችን ውርስ ነው፤ እኛ አልሸጥንም» ብለው ከሰሱ። አባቴ ሁለት ዓመት በፍርድ ቤት ተመላልሶ የገንዘቡን ግማሽ ብቻ አገኘ። እኔም አንድ ዓመት ከትምህርት ገበታ ቀረሁ።

እንግዲህ አንደኛው ነገር ወረቀት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ደንግጓል። ስለዚህ ገዢ የሚገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። የእርሻ ይዞታን ገዝቶ ቤት የሚሠራማ በሰው እጅ ላይ ሠራ ማለት ነው። ቀብድ ሳይሰጥ በፊት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማኅደሩን ማስመርመር ይገባል፦ ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳ ወይም እግድ አለበትን? ወራሾች አሉን? ሻጮቹ ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ይፈርሙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ብድር ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተማርነውን እንጠቀምበት። አንድ ሰው 200,000 ብር በዓመት 17 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል፤ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 34,000 ብር ነው። ሦስት ክፍሎችን እያንዳንዱን በወር 1,000 ብር ቢያከራይ በዓመት 36,000 ብር ስለሚያገኝ የተረፈው ይመስለዋል። ነገር ግን ተከራዮቹ ተማሪዎች ከሆኑ ሐምሌና ነሐሴ ወደ አገራቸው ይገባሉ፤ ኪራዩ የ10 ወር፣ ማለት 30,000 ብር ይሆናል። ወለዱን እንኳ አልሸፈነም፤ ዋናው ዕዳ፣ ግብሩና ጥገናው ገና አልተነኩም። ስለዚህ ከዕቁብና ከቁጠባ የሚበልጠውን ድርሻ አዋጥቶ ጥቂቱን ብቻ መበደር ይሻላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ።

ሦስተኛው እድሳት ነው። ብዙዎች ከቀለም ይጀምራሉ፤ ቀለም ግን የመጨረሻው ነው። የጭቃ ቤት ጠላቱ ውኃና ምስጥ ነው። አስቀድሞ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ መለወጥ፣ አሸንዳ ማድረግ፣ በዙሪያው ቦይ መቆፈር፣ የግድግዳውን እግር በድንጋይ ማስጠበቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ መስኮትና መብራት ይምጣ። ጥሩ ተከራይ ለዓመታት የሚቆየው ለእነዚህ ነው።

በመጨረሻም ውድ ወላጆች፣ ተከራዩም የሰው ልጅ መሆኑን አትርሱ። በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ደብተሩን በላስቲክ ሸፍኖ የሚያጠና ልጅ የእናንተም ልጅ ሊሆን ይችላል። እኛም ተማሪዎች ኪራያችንን በጊዜው እንክፈል፤ ቤቱንም እንደ ራሳችን እንያዝ። የአባቴ ስሕተት ለአንድ ቤተሰብ እንኳ ትምህርት ከሆነ፣ የቀረሁበት ዓመት በከንቱ አልጠፋም።