ዋናው ራውተር የማን ይሁን?



ዛሬ የምናገረው በአዲስ አበባ ብዙዎቻችን ስለምንኖርበት ወይም ስለኖርንበት ግቢ ነው። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች፣ ለሁሉም አንድ የውጭ በር። እንዲህ ባለ ግቢ ኢንተርኔት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። መስመሩ በአከራይ ስም ይወጣል፤ ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣል፤ ፓስወርዱ ለተከራይ ሁሉ ይነገራል፤ ወር ሲደርስ ሂሳቡ ይካፈላል። ጥቂት ቆይቶ አንዷ ተከራይ በሩን አንኳኩታ «እትዬ፣ ኔቱ ጠፋ እኮ» ትላለች። «አጥፍቼ ላብራው» ይሏታል። ለዚያ ምሽት ይሠራል፤ በማግስቱ ያው ነው።

በጋራ ቆጣሪ የኖረ ሰው የዚህን ነገር ጠባይ ያውቀዋል። ማን ምጣድ እንደጣደ፣ ማን ካውያ እንደሰካ ስለማይታወቅ ሂሳቡ ሲመጣ ሁሉም ሌላውን ይጠረጥራል። ኢንተርኔት ደግሞ የባሰ ነው፤ ማን ምን ያህል እንደወሰደ የሚያሳይ ቆጣሪ በዓይን አይታይም።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በጋራ ግቢ ውስጥ ዋናው ራውተር የማንም ቤተሰብ መገልገያ መሆን የለበትም፤ የአከራዩም ጭምር።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከአየሩ ልጀምር። ከአንድ ራውተር ጋር በዋይፋይ የተገናኙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች የሚናገሩት በየተራ ነው። በአንድ ቻናል ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። ራውተሩ አጠገብ ያለ ስልክ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ያህል ሊያገኝ ይችላል። መጨረሻው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ፣ ከሁለት የብሎኬት ግድግዳና ከብረት በር ወዲያ ያለው ስልክ ግን እስከ 6 ሜጋቢት ሊወርድ ይችላል። አሁን ሁለቱም 5 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ ላኩ እንበል። ፎቶው 40 ሜጋቢት ነው። የቅርቡ ስልክ አየሩን የሚይዘው ለሩብ ሰከንድ ገደማ ነው፤ የሩቁ ግን ወደ 7 ሰከንድ ይይዘዋል። ተራው በጥቂት በጥቂቱ እየተቆራረጠ የሚሰጥ ቢሆንም ድምሩ ያው ነው። ስለዚህ ሩቅ ያለችው ተከራይ ብቻዋን አይደለም የምትጎዳው፤ ሳሎን የተቀመጡትም አብረዋት ይዘገያሉ። ከኢንተርኔት ኩባንያው የተገዛው ፍጥነት ቢጨመርም ይህ አይለወጥም። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ገንዘብ የሚያወጣው ለዚያ ነው፤ ይህም ያሳዝነኛል።

ሌላው የተለመደ መፍትሔ የዋይፋይ ማራዘሚያ መሰካት ነው። ተራው ዓይነት ማራዘሚያ የሰማውን ሁሉ በዚያው ቻናል ደግሞ ይናገረዋል፤ ያንኑ መልእክት ሁለት ጊዜ አየር ላይ ማዋል ማለት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። የጎረቤት ግቢዎችም የሚሻሙት እነዚህኑ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያደክመዋል።

መፍትሔው ኬብል ነው። ካት 5ኢ የሚባለው ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ እንዲህ ያለ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ከዚህ አይበልጥም። ሲገዙ ውስጡ ንጹሕ መዳብ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም በርካሽ ይሸጣልና፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። በግቢ የሚያልፈው ፀሐይ የሚችል ጥቁር የውጭ ኬብል ይሁን፤ ከመብራት መስመር ጋርም አብሮ አይታሰር። ጫፉ ላይ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። በሁለቱም ጫፍ ቅደም ተከተላቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። የኬብል መሞከሪያው ላይ መብራቶቹ ከ1 እስከ 8 በተራ ካልበሩ ጫፉን ቆርጦ እንደገና መግጠም ነው። እልህ የሚያስጨርስ ሥራ ነው፤ በደንብ ከተሠራ ግን ለዓመታት አይነካም።

አሁን ወደ አቀማመጡ። ዋናው ራውተር በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ፣ የሁሉም በሆነ ቦታ ይቀመጥ፤ የራሱ ዋይፋይ ይጥፋ። ከእርሱ ስዊች ወደሚባለው ማከፋፈያ፣ ከስዊቹ ወደ እያንዳንዱ ቤት አንድ ኬብል ይሂድ። በየቤቱ አንድ ርካሽ ራውተር ይኑር፤ ኬብሉ ዋን (WAN) ተብሎ በተጻፈበት ቀዳዳ ይሰካ። ይህ ቀዳዳ ወሳኝ ነው። ተከራዩ አሮጌ ራውተሩን አምጥቶ ኬብሉን ከሌሎቹ ቀዳዳዎች በአንዱ ቢሰካ፣ ያ ራውተር ለግቢው ሁሉ የተሳሳተ አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ የሰዉ ስልክ «ተገናኝቷል» እያለ ምንም አይከፍትም። ጥፋቱ ያለው አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሳለ ሁሉም ሰው ኩባንያውን ይራገማል። አድራሻውም መለየት አለበት፤ ዋናው 192.168.1 ከሆነ የየቤቱ ለምሳሌ 192.168.2 ይሁን።

እንዲህ ሲሆን የአንዱ ቤት ኮምፒውተር ወደ ሌላው ቤት ዘልቆ መግባት አይችልም። የየቤቱ ራውተር ግን ወደ ዋናው ራውተር የሚሄደውን አይከለክልም፤ አከራይዋ በቀጥታ ከዋናው ራውተር ጋር ከተገናኙ የእርሳቸው ፕሪንተርና የካሜራ መቅረጫ ለተከራዮቹ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የእርሳቸው ቤትም እንደማንኛውም የራሱ ራውተር ይኑረው ያልኩት ለዚህ ነው። እኩልነቱ ለተከራይ ብቻ ሳይሆን ለአከራይም ጥበቃ ነው።

ቀጥሎ ድርሻ። አንድ ወጣት ረጅም ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ሲጭን የመላኪያው መስመር ይሞላል፤ ያን ጊዜ ሌላዋ ተከራይ ስብሰባ ላይ ሆና ድምፅዋ ይቆራረጣል። እንደ ማይክሮቲክ ያለ ራውተር ለእያንዳንዱ ኬብል የፍጥነት ጣሪያ ያበጃል። መስመሩ ባዶ ሲሆን ሁሉም እንዲጠቀምበት፣ ሲጨናነቅ ግን ማንም ከድርሻው እንዳያንስ ማድረግም ይቻላል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

መብራት ሲሄድስ? 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ነው፤ 12 ዋት የሚወስድ ራውተርን ለ6 ሰዓት ያህል ያቆያል። ስዊቹንና የየቤቱን ራውተር መርሳት አይገባም።

የቀረው ቁልፉ ነው። ዋናውን ራውተር የሚያስተዳድር ሰው የየቤቱ ራውተር የትኞቹን ድረ-ገጾች እንደጠየቀ ማየት ይችላል፤ በተመሰጠረ ገጽ ላይ የተጻፈውን ባያነብም። ይህ ቀላል ሥልጣን አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትንና መልእክት መጥለፍን ወንጀል አድርጓል፤ በአንድ ግቢ መኖር ፈቃድ አይደለም። የፋብሪካው ፓስወርድ በመጀመሪያው ቀን ይቀየር፤ አዲሱን አከራይዋና ተከራዮች የመረጡት አንድ ሰው ይያዙት።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን አዟል። እንግዲህ ውሉ ሲጻፍ ስለ ኢንተርኔትም ሁለት ሦስት መስመር ይታከልበት፦ መስመሩ በማን ስም እንደወጣ፣ የየቤቱ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ ኬብሉ የማን እንደሆነ። ከዚያ በፊት ግን ከኩባንያው ጋር የተፈረመው ውል ለሌላ ማካፈልን ይፈቅድ እንደሆነ አከራይዋ ያንብቡ። ተከራይ ሲለቅ ራውተሩን ይዞ ይሄዳል፤ ኬብሉ ለሚቀጥለው ይቀራል፤ ሌላው ቤት ፓስወርድ መቀየር አያስፈልገውም። ክፍያውም ጣሪያውን ይከተል፤ እኩል ድርሻ ያለው እኩል ይክፈል፣ የበለጠ የፈለገ የበለጠ ይክፈል፣ ዋናው ቤትም ከሂሳቡ የራሱን ድርሻ ይክፈል።